የራስን ሌሊት ይዞ መምጣት

በሐዋሳ ፒያሳ ሌሊቱ ለሁሉም አንድ አይደለም። የባጃጅ ሹፌሩ የመጨረሻ ተሳፋሪውን አውርዶ ወደ ቤቱ ሲያመራ ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ ሊያቦካ ይነሳል። በ2008 ዓ.ም. ወደተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚመላለሱ ሠራተኞች ፈረቃቸው በተለወጠ ቁጥር መኝታቸውም ይለወጣል። ተረኛ ነርስ ቀን ትተኛለች፤ በቅዱስ ገብርኤል ማኅሌት ቆሞ የሚያድር አለ፤ በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ አለ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም እያለ የቤቱን ሰው ሲያስደነግጥ፣ ወይም መሪ እንደጨበጠ እንቅልፍ ሲጥለው፣ ሐኪሙ የሌሊት የእንቅልፍ ምርመራ ሊያዝለት ይችላል። ያን ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እስከዚያ እንቅልፌን ላስተካክል?» በእንቅልፍ ምርመራ ሙያዬ ያለኝ አቋም አያስተካክል የሚል ነው። የምርመራው ሰዓት ወደ ሰውየው እንቅልፍ ይጠጋ እንጂ የሰውየው እንቅልፍ ለአንድ ሌሊት ሲባል አይታጠፍ።

ምክንያቱ የሚገባው ምን እንደሚለካ ሲታወቅ ነው። ራስ ቅል ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ሞገድ፣ ዓይን አጠገብ ያሉት የዓይንን እንቅስቃሴ፣ አገጭና እግር ላይ ያሉት የጡንቻን ውጥረት ይመዘግባሉ። ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰሩ ቀበቶዎች፣ አፍንጫ ሥር የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦና ጣት ላይ የሚሰካ የኦክሲጅን መለኪያ ደግሞ ትንፋሽን ይከታተላሉ። ባለሙያው ሌሊቱን በሙሉ በ30 በ30 ሰከንድ ከፍሎ ያነበዋል። ለዚህ ንባብ የጋራ ደንብ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1968 ሬክትሻፈንና ኬልስ ባዘጋጁት መመሪያ ነው። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ ወይም በጉልህ ሲቀንስ ይቆጠራል። በአዋቂ ሰው ላይ በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ እንደ ደህና ይታያል፤ ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ15 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ግን የሌሊቱ አማካይ ስለሆነ የትኛው የእንቅልፍ ክፍል ተተኝቶ የትኛው እንደቀረ ካልታየ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዘሪንስኪና ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት ዓይን የሚርገበገብበት የሕልም እንቅልፍ በአብዛኛው ወደ ሌሊቱ ማብቂያ ይከማቻል፤ መቼ እንደሚበረታ የሚወስነውም የእያንዳንዱ ሰው የሰውነት ሰዓት ነው። በዚያ እንቅልፍ ጡንቻ ስለሚዝል የጉሮሮ መጥበብ በብዙ ሕሙማን ላይ ይብሳል። እንግዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው እናስብ። ለምርመራው ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ቢጠፋበትና ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢቀሰቀስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ጣሪያ ሲያይ ይቆያል፤ የሕልም እንቅልፉ ሊጠና ሲል ደግሞ «ተነሳ» ይባላል። ውጤቱ «ቀላል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከባዱ የሌሊቱ ክፍል ግን አልተለካም። እንቅልፍ እንዲይዘኝ ብሎ ዋዜማውን ሳይተኛ አድሮ የሚመጣውም ሰው ራሱን ይጎዳል። እንቅልፍ የተነፈገ አንጎል አስቀድሞ የሚያካክሰው ጥልቁን እንቅልፍ ነው፤ በጥልቁ እንቅልፍ ደግሞ የትንፋሽ መቋረጥ ቀነስ ይላል። «ሁለት ሦስት ቀን በግድ በጊዜ እተኛለሁ» ማለትም አይሠራም፤ የሰውነት ሰዓት በቀን ቢንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ያህል ነውና።

ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የሁለት ሳምንት እውነተኛ ማስታወሻ ነው፦ መቼ ተኛ፣ መቼ ነቃ፣ ቀን ሸለብ አደረገው ወይ፣ የትኛው ፈረቃ ላይ ነበር። ትንሽ የሚመስል ግን ሥራውን ሁሉ የሚያበላሽ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ተነስተን ነው፤ መሣሪያው 22:00 ብሎ ያትማል፤ የብዙ ሰው ስልክ 10:00 ይላል። ማስታወሻው ላይ «9 ሰዓት» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መኝታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሁን በስልኩ ቆጠራ ከምሽቱ 3 ሰዓት አይታወቅም። የስድስት ሰዓት ስህተት ማለት የፈረቃ ሠራተኛን በጊዜ ተኚ አድርጎ ማንበብ ነው። «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ካልተጻፈ ማስታወሻውን ባላየው እመርጣለሁ።

ቡናና ጫትም በዚሁ ማስታወሻ ይገባሉ፤ ሐዋሳ ላይ ይህን ሳይጠይቁ የእንቅልፍ ሥራ መሥራት አይቻልም። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በምርመራው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና መተው ተገቢ ነው። በቀን ሦስቴ የሚጠጣ ሰው ግን ከነጭራሹ ቢያቆም በማግሥቱ ራስ ምታትና ድብታ ይዞት ይመጣል፤ ያ ድብታ ከሕመሙ ጋር ይምታታል። የወንዶ ጫት ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳዋል፤ በድንገት ሲተወው ደግሞ ከባድ እንቅልፍና ቅዠት ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጨብሲው ነው። ምርቃና ለመስበር የሚጠጣ መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያዝል የትንፋሽ መቋረጥን ያብሳል። መጠጡ በምርመራው ሌሊት መቅረቱ ትክክል ነው፤ በቀሩት ሌሊቶች ይጠጣ እንደነበር ካልተነገረ ግን ሐኪሙ ቤት ያለውን ሕመም አሳንሶ ያየዋል። ጠያቂው የማይፈርድ ከሆነ ሰው እውነቱን ይናገራል፤ ይህ የእኛ ግዴታ ነው።

«ካልተኛስ? ገንዘቡም ሌሊቱም መባከኑ አይደለም?» የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። በእንግዳ አልጋ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንደሚታወክ አግኒውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 አሳይተዋል፤ ሰዓቱ ለተዛባ ሰው ይህ ይከብዳል። ሆኖም ሙሉ ስምንት ሰዓት የግድ አይደለም። ሕመሙ ከባድ ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል ምዝገባ ሊበቃ ይችላል፤ ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀውን አየር የሚገፋ ጭምብል በዚያው ሌሊት አጋማሽ ላይ መሞከር የተለመደውም ለዚህ ነው። አጭር ሌሊት ሕመም ካሳየ ይታመናል፤ ካላሳየ ግን ሰውየውን ነፃ አያወጣም፤ ይደገማል። ተረኛዋ ነርስም ቀን በምትተኛበት ሰዓት ብትመረመር የሚከለክል የሳይንስ ምክንያት የለም፤ የሚከለክለው የተቋም ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

ሌላው መከራከሪያ «የተዛባው ሰዓት ራሱ ሕመሙ ቢሆንስ? ያ ይታከም እንጂ» ይላል። በአንድ ጉዳይ ላይ እቀበለዋለሁ። ናርኮሌፕሲ (ቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥል ሕመም) ተጠርጥሮ በማግሥቱ ቀን እንቅልፍ የሚወስድበት ፍጥነት የሚለካ ከሆነ ከፊቱ ባለው ሌሊት ቢያንስ ስድስት ሰዓት መተኛትና የሳምንታት የተረጋጋ ልማድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የእንቅልፍ ዕዳ ናርኮሌፕሲ መስሎ ይታያል። ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሹፌር ግን ልማዱ እስኪስተካከል ጠብቅ ማለት በየቀኑ መንገድ ላይ ይዞት የሚወጣውን አደጋ ማራዘም ነው።

የቀሩት ነገሮች ቀላል ናቸው። ፀጉር ቅቤና ቅባት ሳይነካው ታጥቦ፣ ጥብቅ ሹሩባ ከሆነም ተፈትቶ ይምጣ፤ ኤሌክትሮዱ ቆዳውን ማግኘት አለበት። ከአንድ ጣት ላይ የጥፍር ቀለም ይነሳ። የሐኪም መድኃኒት ያለ ሐኪም ቃል አይቆም። ምርመራው አዲስ አበባ ከሆነ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና በዋዜማው መግባት እንጂ በዕለቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መጓዝ አይመከርም።

ጠዋት ኤሌክትሮዱ ሲነቀል ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ስንት ሰዓት የተኛህ ይመስልሃል፤ ከቤትህ ሌሊት ጋር ሲነጻጸርስ ይህ ምን ይመስላል? መልሱ በራሱ በታካሚው ቃል፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ፣ በሪፖርቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ያዘዘው ሐኪም አስቀድሞ እሱን እንዲያነብ።