ታላቁ አምበል፦ ከሜዳ እስከ ወንበር

በቦነስ አይረስ የሚገኘው የሪቨር ፕሌት ስታዲየም፣ ሞኑሜንታል፣ የአንድን ሰው ዝና ሁለት ጫፎች አይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁን 25 ቀን 1978 አርጀንቲና ሆላንድን 3ለ1 አሸንፋ የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ ስታነሣ፣ አምበሉ ዳንኤል ፓሳሬላ ዋንጫውን ይዞ በሕዝብ ትከሻ ላይ ነበር። ጁን 26 ቀን 2011 በዚያው ሜዳ ሪቨር ፕሌት ከቤልግራኖ ጋር 1ለ1 ተለያይቶ፣ ከተመሠረተበት ከ1901 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ይኸው ፓሳሬላ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለው ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው እንደ ዕድል መገለባበጥ ነው። ነገሩ ግን ከዕድል ይልቅ በሥልጣን አረዳድ ላይ የተመሠረተ ይመስላል።

በመጀመሪያ ተጫዋቹን ማየት ይገባል። በ1953 በቻካቡኮ የተወለደው ፓሳሬላ በ1974 ሪቨር ፕሌትን ተቀላቀለ፤ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ በጣሊያን ለፊዮሬንቲናና ለኢንተር ሚላን ተጫወተ። ለመሀል ተከላካይ አጭር የሚባል ቢሆንም በአየር ኳስ የሚቀድሙት አጥቂዎች ጥቂት ነበሩ። ግብ ማስቆጠር ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን የጣሊያን ሊግ፣ በ1985/86 የውድድር ዘመን ብቻ 11 ግብ አግብቷል። ለብሔራዊ ቡድኑ በ70 ጨዋታ ያስቆጠረው 22 ግብም ብዙ አጥቂ የሚመኘው ነው። ቁም ነገሩ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ፓሳሬላ ታላቅ የሆነው ተከላካይ ሆኖ ሳለ ከተከላካይ መስመር መውጣት በመቻሉ ነው። ኳስ ይዞ ወደፊት ሲገሰግስ ማንም «ስፍራህን ጠብቅ» አላለውም። አሰልጣኙ ሴሳር ሉዊስ ሜኖቲ ተጫዋች የተሰጥዎውን መንገድ እንዲከተል የሚፈቅድ ሰው ነበር።

የ1978 ድል ጥላም አለበት። ዋንጫው የተሰጠው በወታደራዊው መንግሥት መሪ በጄኔራል ቪዴላ እጅ ነው፤ ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የባሕር ኃይሉ የመካኒክ ትምህርት ቤት የእስርና የሥቃይ ቤት ሆኖ ነበር። ይህን በተጫዋቾቹ ላይ እንደ ወንጀል መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ያንን ቡድን ዛሬ በፎቶግራፍ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ማሪዮ ኬምፔስና ሊዮፖልዶ ሉኬ ፀጉራቸውን ለቀው ይጫወቱ ነበር፤ ሜኖቲም ራሱ ባለ ረጅም ፀጉር ነበር። ዋንጫውን ያመጣው ይህ ቡድን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት መራራ ነበር። ካርሎስ ቢላርዶ ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ አምበልነቱን ከፓሳሬላ ወስዶ ለማራዶና ሰጠው። በ1986 በሜክሲኮ ፓሳሬላ በሆድ ሕመም ተይዞ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይሰለፍ ቀረ፤ በስፍራው የገባው ሆሴ ሉዊስ ብራውን በፍጻሜው በምዕራብ ጀርመን ላይ የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጠረ። በሁለቱም የድል ቡድኖች ውስጥ ስሙ የተመዘገበ ብቸኛ አርጀንቲናዊ ፓሳሬላ ቢሆንም፣ ሁለተኛው ሜዳልያ ያለ ጨዋታ የተገኘ ነው። ትእዛዝ ከእጁ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያኔ አይቷል።

በ1990 የሪቨር አሰልጣኝ ሲሆን ጅምሩ ያማረ ነበር። የሊግ ዋንጫዎችን አነሣ፤ ኦርቴጋን፣ አልሜይዳን፣ ጋያርዶንና ክሬስፖን ገና በለጋነታቸው ወደ ዋናው ቡድን አስገባ። ወጣቱን የሚያምን ዓይን እንደነበረው መካድ አይቻልም። በ1994 ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ ግን ከጨዋታ ስልቱ ይልቅ የፀጉር ደንቡ መነጋገሪያ ሆነ። ረጅም ፀጉርና የጆሮ ጌጥ ተከለከሉ። ባቲስቱታ ፀጉሩን አሳጠረ፤ በ1998 የዓለም ዋንጫም አምስት ግብ አገባ። ፈርናንዶ ሬዶንዶ ግን እሺ አላለም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ይህ አማካይ የፈረንሳዩን የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ተመለከተ። ካኒጂያም እንዲሁ አልተጠራም። በሜዳ ላይ ነፃነትን የተጎናጸፈው ሰው ለሌላው ነፃነት ሲሰጥ በመቀስ መለካቱ የአሰልጣኝነት ዘመኑ ዋና ጉድለት ነው።

ለአፍሪቃ አንባቢ ከዚያ ዘመን የማይረሳው ኦገስት 3 ቀን 1996 ነው። በአትላንታ ኦሊምፒክ ፍጻሜ የፓሳሬላ ቡድን ናይጄሪያን ሁለት ጊዜ መርቶ ሁለት ጊዜ ተደረሰበት። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቅጣት ምት ሲመታ የአርጀንቲና ተከላካዮች ተጋጣሚያቸውን ከጨዋታ ውጪ ለማድረግ ባንድነት ወደፊት ወጡ፤ ኢማኑኤል አሙኒኬ ግን ወጥመዱን አምልጦ 3ለ2 አደረገው። አፍሪቃም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ እግር ኳስ ወርቅ አገኘች። በ1998 ደግሞ አርጀንቲና እንግሊዝን በመለያ ምት ጥላ በሩብ ፍጻሜው በሆላንድ 2ለ1 ተሸነፈች፤ ኦርቴጋ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ቤርካምፕም በ90ኛው ደቂቃ ጨረሰው። ለፍትሕ ሲባል ግን መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ በ1995 ፓሳሬላ ወንድ ልጁን በአደጋ አጥቷል። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆኖ ሥራውን መቀጠሉ በራሱ የጽናቱ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ቁልቁለት የበዛበት ነው። የኡራጓይን ብሔራዊ ቡድን በ2001 ተወው፤ በጣሊያን ፓርማ የሊግ ጨዋታዎቹን ሁሉ ተሸንፎ ተሰናበተ፤ በብራዚል ኮሪንቲያንስም ብዙ አልቆየም። በሜክሲኮ ከሞንቴሬይ ጋር በ2003 ያነሣው ዋንጫ ብቻ ያበራል። በ2009 መጨረሻ በጥቂት ድምፅ ብልጫ የሪቨር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ዕዳ የተጫነው ክለብ እንደ ወረሰ፣ በዚያን ጊዜው የአርጀንቲና ደንብም መውረድ ይወሰን የነበረው በሦስት ዓመት አማካይ ነጥብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ክለቡ ሲወርድ፣ ደጋፊው በቁጣ ስታዲየሙን ሲሰባብርም፣ ወንበሩን አልለቀቀም። እስከ 2013 ቆየ። ክለቡ በዓመቱ ተመልሶ ቢያድግም ስሙ ከዚያች ቀን ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

የፓሳሬላ ታሪክ ለእግር ኳስ ብቻ የሚነገር አይደለም። አምበልነት ጓደኛ ለጓደኛው የሚያምነው አደራ ነው፤ አምበሉ ያዘዘውን ራሱ አስቀድሞ ይሮጣል፣ ያጠፋውንም በዚያው ሜዳ ይክሳል። አሰልጣኝና ፕሬዚዳንት ግን ከመስመሩ ውጪ ቆመው ያዛሉ። ፓሳሬላ በሜዳ ያገኘውን ክብር ይዞ ወደ ወንበሩ ሲመጣ፣ ክብሩ እንደ ሥልጣን ሳይጠየቅ እንዲከተለው ጠበቀ። ሜኖቲ የሰጠውን ፈቃድ ለሬዶንዶ ቢሰጠው ኖሮ የማርሴዩ ውጤት ይለወጥ እንደሆነ ማንም ሊምል አይችልም። ተጫዋቹ ፓሳሬላ በአሰልጣኙ ፓሳሬላ ቡድን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ኳስ ይዞ ከመስመሩ ለመውጣት ፈቃድ ያገኝ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የቀረው ፍርድ የአንባቢው ነው።