ሰባቱ ቤት

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያለፈ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ የአያት ስም መሬቱን ሞልቶ ያገኛል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም። ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ ይላል የአዊ አገው ትውፊት፤ እያንዳንዱ የሰፈረበት ምድርም በስሙ ቀረ።

እኛ እንደ ስኮትላንዶችና አይሪሾች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወራረስ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባታችንን ስም አስከትለን እንጠራለን፤ የልጅ ልጆቻችን ልጆች ሲወለዱ ስማችን ከመታወቂያቸው ወጥቷል። የእነዚህ ወንድማማቾች ስም ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ባንጃና ዚገም ወረዳ ናቸው፤ አንከሻ ከጓጉሳ ጋር ተጣምሮ ወረዳ ሆኗል፤ አዘና ከተማ ናት፤ የመተከል ስም ደግሞ ክልል ተሻግሮ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዞን መጠሪያ ነው። ይህን የመሰለ ውርስ ከየትኛው ሐውልት ይገኛል?

ይበልጥ የምወደው ግን ስሙ በሰው መሐል መሥራቱን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። ፈረሱ ከግንባሩ እስከ ደረቱ በባለቀለም ዘርፍ ያጌጣል፤ ጋላቢው ዘንጉን ከፍ አድርጎ ሜዳውን ሲያቋርጥ አቧራው ይነሳል። በዓሉ ሲያልፍም ማኅበርተኞቹ አይበተኑም፤ ለቅሶ ሲሆን ፈረሳቸውን ጭነው ይደርሳሉ፣ ሰርግ ያደምቃሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ።