እንዝርትና መወርወሪያ፤ ስለ አውራ አምባ በተጻፉት ላይ የቀረበ ትችት

ከጣራ ገዳም ደን ወርዶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ ተከትሎ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ፥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፥ አውራ አምባ የተባለውን መንደር ያገኛል። ስለዚህ መንደር በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል፤ ፊልም ተነሥቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለመመረቂያቸው መርጠውታል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሥዕል አለ፤ ይኸውም ሴቲቱ በሸማኔ ዕቃ ላይ ተቀምጣ መወርወሪያ ስትወረውር፥ ወንዱም እንዝርት ይዞ ሲፈትል የሚያሳየው ነው። ሥዕሉ እውነት ነው። ትችት የሚያስፈልገው ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው ቃል ነው።

ቃሉ በየቋንቋው ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው፤ ሴቶቹ የወንድ ወደ ነበረው ሥራ ከፍ አሉ፥ ወንዶቹም የሴት ወደ ነበረው ሥራ ዝቅ ማለትን አላፈሩም የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሽመናን ከላይ፥ ፈትልን ከታች የሚያደርግ መሰላል አስቀድሞ ያቆማል። መሰላሉ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው። በበጌምድር ገበሬ ዘንድ የሁለቱ ሥራዎች ማዕርግ እንዲህ አልነበረም፤ እንዲያውም በብዙ ረገድ የተገላቢጦሽ ነበር። ጸሐፊዎቹ ይህን ሳይመረምሩ በማለፋቸው መንደሩ ካደረገው ነገር ግማሹን ብቻ አይተዋል፤ ያላዩትም ግማሽ ይበልጥ የከበደው ነው።

ፈትል የባለሙያ ሴት ምልክት ነው። ጥጡ ከቆላው፥ ለምሳሌ ከመተማ በኩል፥ በነጋዴ እጅ ወደ ደጋው ይመጣል። ሴቲቱ ፍሬውን በድንጋይና በብረት መዳመጫ ትለያለች፤ የተዳመጠውን በደጋን ትነድፋለች፤ ባዘቶውን ጠቅልላ አመልማሎ ታደርጋለች፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሹራ ክሩን የምትስበው። ክሩ አንድ ቦታ ሰልሎ ሌላ ቦታ ቢያብጥ ድር በሚሆንበት ጊዜ ይበጠሳል፤ ማግ ቢሆንም ሸማውን ያጎረብጠዋል። ስለዚህ «ቀጭን ፈታይ» መባል ተራ ምስጋና አይደለም፤ የትዕግሥትና የአስተዳደግ ምስክርነት አለበት። የመኳንንት ሚስቶች ሳይቀሩ እንዝርት ይይዙ ነበር። በጎንደር ዘመን ሥዕሎችም መልአኩ ገብርኤል ብሥራቱን ይዞ ሲመጣ ድንግል ማርያም ስትፈትል ትታያለች። አንድ የእጅ ሥራ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከዚህ የበለጠ ስፍራ ሊያገኝ አይችልም።

ፈትል የመሰብሰቢያ ሥራም ነው። ጎረቤታሞች ለአንዲቱ ቤት ጋቢ ጥጡን ተካፍለው በደቦ ይፈትላሉ፤ ቡና ይፈላል፥ ወሬ ይወራል፤ ትንሿ ልጅም ከዳር ተቀምጣ፥ ቢበላሽ በማያስቆጭ ጥጥ እጇን ታፍታታለች። መምህር የለም፥ የደወል ሰዓትም የለም። ፈተናው ግን አለ፤ ፈታኙም ሸማኔው ነው። ባለ ፈትሏ ልቃቂቷን ይዛ ወደ እርሱ ትሄዳለች፤ የእጁን ዋጋ ትነጋገራለች፤ ክር እንዳያስቀርባት ስለምትጠረጥር ስታስረክብም ስትረከብም ክብደቱን ታስተያያለች። እርሷ በሳምንታት ያጠራቀመችውን እርሱ በጥቂት ቀናት ሸማ ያደርገዋል። ሸማው የእርሷ ነው፤ የእርሱ የድካም ዋጋው ብቻ ነው። በዚህ ግንኙነት ውስጥ ማን ከላይ፥ ማን ከታች እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ማሰላሰል አያሻም።

የሸማኔው ነገር ሌላ ነው። በሰሜኑ አገር ሽመና እንደ ቀጥቃጭነትና እንደ ሸክላ ሥራ የባለ እጅ ሙያ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ርስት ያለው ገበሬ ማረስ እንጂ መሸመን ክብሩ አይደለም። በጎንደርና በዙሪያዋ በዚህ ሙያ ይታወቁ የነበሩት በተለይ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል፤ ርስት የማይሰጠውም ሕዝብ ኑሮውን በንግድና በሸማኔ ዕቃ ላይ መሠረተ። ሸማውን የሚለብሰው ሁሉ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጅ የሚያስፈልገው ደግሞ ነገሩ ከልማድ አልፎ ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ የአውራ አምባ ሥዕል ሌላ ትርጉም ይይዛል። የፎገራ ሴት መወርወሪያ ስታነሣ ወደ ላይ አልወጣችም፤ ሁለት አጥር በአንድ ጊዜ ዘለለች። አንዱ የሴትና የወንድ አጥር ነው፤ ሁለተኛው ገበሬን ከባለ እጅ የሚለየው አጥር ነው። ወንዱም እንዝርት ሲይዝ ወደ ተናቀ ሥራ አልወረደም፤ የተከበረ ሆኖ ሳለ ለእርሱ የተከለከለ ሥራ ውስጥ ገባ። ጎረቤቱ «ሴታ ሴት» ብሎ ቢሰድበው ስድቡ የፈትልን ዝቅተኛነት አያስረዳም፤ የሌላ ሰው ሙያ መነካቱን ያስረዳል። ሁለቱን መሻገሮች በአንድ ቃል፥ በእኩልነት ስም ብቻ፥ መጠቅለል ነገሩን ማቅለል ነው። የጾታው አጥር በሕግና በትምህርት ቤት ሲነገርበት የቈየ ነው፤ የሙያው አጥር ግን በጋብቻና በማዕድ የሚጠበቅ በመሆኑ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አይታይም።

የመንደሩ መሥራች ዙምራ ኑሩ ስለ ልጅነቱ የሚናገረው ታሪክም ለዚህ አስተያየት ድጋፍ ይሰጣል። ታሪኩን ያልጠቀሰ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ እናቱ ቀን ከአባቱ ጋር እኩል በእርሻ ስትደክም ውላ፥ ማታ የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ብቻ ሲወድቅ ማየቱን ይናገራል። በዚህ አነጋገር ውስጥ የከበረና የተዋረደ ሥራ የሚል ቃል የለም። የሚነገረው ስለ ድካም መጠንና ስለ ጊዜ ነው፤ ቀኑ ለሁለቱም የሥራ ሲሆን ማታው ለአንዱ ዕረፍት፥ ለሌላዋ ሥራ ስለ መሆኑ ነው። የበጌምድር ገበሬ ሚስት ማታ ከምትሠራቸው ሥራዎች አንዱ ፈትል መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። እንዝርት ከጋን፥ ከምጣድና ከወፍጮ የሚለየው ተቀምጠው የሚሠሩበት በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ከዕረፍት ጋር ተቀላቅሎ ሥራነቱ ይረሳል። ጸሐፊዎቹ የመሥራቹን ቃል እየጠቀሱ የድካምን ነገር ወደ ማዕርግ ነገር ለወጡት።

ፈረንሳዊው ሮቤር ዡማር አውራ አምባን ከዩቶጲያ ሶሻሊዝም አሳብ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። ንጽጽሩ ለአውሮፓ አንባቢ መንገድ ይከፍታል፤ ሆኖም አሳብን ከመሬት በፊት ማስቀመጡ ጉድለት ነው። መንደሩ በ1964 ዓ.ም. ገደማ በጥቂት ሰዎች ተመሠረተ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ነዋሪዎቹ በጠላትነት ተጠርጥረው አገራቸውን ለቀው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲመለሱ ከቀድሞ መሬታቸው የቀራቸው 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። በዚህ መሬት መቶዎች ሊኖሩ አይችሉምና ወደ ሽመና፥ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። የመሬቱን ማነስ የሚጠቅሱ ጸሐፊዎች አሉ፤ ነገር ግን እንደ አንድ ችግር ጠቅሰው ያልፉታል እንጂ ከአገሩ ታሪክ ጋር አያገናኙትም። መሬት ያጣ ሕዝብ ወደ ሸማኔ ዕቃ መሄዱ በጎንደር አገር ሦስት መቶ ዓመት የቈየ መንገድ ነው። አውራ አምባ በዚህ አሮጌ መንገድ ሄዷል። አዲስ ያደረገው መንገዱን በሴትና በወንድ አብሮ መሄዱ፥ ደግሞም ያለ ኀፍረት መሄዱ ነው። ይህን አዲስ ነገር በትክክል ለመመዘን አሮጌውን ማወቅ ግድ ነው።

ጉድለቱ የአውራ አምባ ጸሐፊዎች ብቻ አይደለም፤ ከቀደሙት የተወረሰ ነው። ጥናቱን በጎንደር አካባቢ ያደረገው ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1960 አንትሮፖስ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሸማ አለባበስ አጭር ጽሑፍ አውጥቷል። ሰው ሸማውን በትከሻው ላይ ባዞረበት አኳኋን ኀዘኑን፥ ክብሩንና ትሕትናውን እንዴት እንደሚገልጽ ያሳየበት ይህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቅማል። ነገር ግን ሸማው ለእርሱ የሚጀምረው ከትከሻ ላይ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክ ስለ እጅ ሥራዎች በሰፊው ጽፏል፤ ነገር ግን ምንጮቹ መንገደኞች ናቸው፥ መንገደኛም ገበያ ላይ የወጣውን ጨርቅና የሸማኔውን ጉድጓድ ያያል እንጂ ከምድጃ አጠገብ የሚሾረውን እንዝርት እምብዛም አያይም። በዚህ ረገድ የተሻለ አርአያ የሚገኘው ካልተጠበቀ ስፍራ ነው። ዛሬ በለንደንና በቶሮንቶ ቤተ መዘክሮች የሚገኙትን ትልልቅ የጎንደር የሐር መጋረጃዎች ያጠኑት ማይክል ገርቨርስና ባልደረቦቹ፥ ከአሠራሩና ከሥዕሉ ጋር ስለ ክሩም ጠየቁ። ሐሩ ከውጭ የመጣ መሆኑ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሀብትና ስለ ንግዱ ብዙ አስተማረ። ለነገሥታት መጋረጃ የቀረበው ጥያቄ ለገበሬ ጋቢ የማይቀርብበት ምክንያት የለም።

በአውራ አምባ ይህ ጥያቄ ቢቀርብ የሚለወጠው ብዙ ነው። በመንደሩ የሽመና አዳራሽ አለ፤ የተሠራው ጋቢ፥ ኩታና የአንገት ልብስም ለጎብኚ ይሸጣል። የልምድ ልውውጥ ለማድረግ ከየቦታው የሚመጡት ሰዎች ትምህርት ቤቱን፥ ቤተ መጻሕፍቱን፥ የአረጋውያኑን ቤትና አዳራሹን ያያሉ። እንግዲህ ሽመና በዚህ ቦታ እንደ ቀድሞው በአባትና በልጅ መካከል ብቻ የሚተላለፍ ሙያ አይደለም፤ በግልጽ አዳራሽ፥ በባዕድ ዓይን ፊት የሚሠራና የሚማሩት ሥራ ሆኗል። ይህ ራሱ ከፍ ያለ ለውጥ ነው፤ የተናቀ ሙያ እንግዳ የሚቀበሉበት ሆኗልና። እንዝርት ግን በባሕርይው አዳራሽ አያስፈልገውም። በበር ላይ፥ በጥላ ሥር፥ በመንገድ እንኳ ይፈተላል። ጎብኚው በአዳራሹ የሚያየውን እንደ ሥራ ይመዘግባል፤ ከአዳራሹ ውጭ ያለውን እንደ ውብ ትዕይንት ፎቶግራፍ ያነሣል።

በዚህ ላይ የፋብሪካ ክር አለ። በጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የፋብሪካ ክር ለጣና ዙሪያ ቅርብ ሆነ፤ በአገሩ ሁሉ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር፥ ለማጉ የእጅ ፈትል መጠቀሙም የተለመደ ነው። ማጉም ወደ ፋብሪካ ክር ባዘነበለ መጠን የእንዝርት ሥራ ይቀንሳል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለእኩልነቱ ሥዕል ቀላል አይደለም። ወንዱ እንዝርት ያነሣው ፈትል የቤቱ ከባድ ሸክም በነበረበት ጊዜ ከሆነ፥ እውነተኛ ድካም ተካፍሏል። ፈትል በፋብሪካ ክር ከቀለለ በኋላ ከሆነ፥ የተካፈለው ከድካሙ ይልቅ ምልክቱን ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። ይህን የሚለየው የቃል መጠይቅ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ዓመት ስንት ኪሎ ጥጥ ተገዛ፥ ስንት ጥቅል የፋብሪካ ክር ተገዛ፥ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሥራ ክፍፍል ውስጥ የፈታይ ቀን ከሸማኔ ቀን ጋር እንዴት ይመዛዘናል የሚለው ሒሳብ ነው። ስለ መንደሩ በወጡት ጽሑፎች ውስጥ ስለ አሳቡ ገጾች ሲሞሉ ይህ ሒሳብ እምብዛም ስፍራ አያገኝም።

በአጎራባቹ ገጠር እንዝርት የመጨረሻው መተዳደሪያ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ጕልበቷ የደከመ፥ ልጅ ወይም ዘመድ የሌላት አሮጊት የሰው ጥጥ እየፈተለች በምታገኘው ትኖራለች፤ ዓይኗ እስኪፈዝ ድረስ ከእጇ አትለየውም። አውራ አምባ ደግሞ ለአረጋውያኑ ቤት ሠርቶ የሚጦር መንደር ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት በር ላይ ፀሓይ የምትሞቅ አንዲት አሮጊት እንዝርት ይዛ ብትታይ፥ የምትፈትለው ለእንጀራዋ ሳይሆን እጇ ስለ ለመደ ሊሆን ይችላል። ያው እንዝርት፥ ያው አመልማሎ፥ ያው የእጅ አሿሿር ሆኖ ሳለ ከአጥር ወዲያና ከአጥር ወዲህ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ለጥናት ወደ መንደሩ የሚሄድ ተማሪ ከሽመናው አዳራሽ በፊት እዚያ በር ላይ ቢቀመጥ፥ ልቃቂቱ ሲሞላ ወደ ማን እንደሚሄድና ማን ዋጋውን እንደሚቀበል ቢጠይቅ፥ እስከ ዛሬ ከተጻፉት ብዙዎቹ ያላነሡትን ነገር ይዞ ይመለሳል።