«ልጁ በላ?»

እናቴ ፊልም ስታይ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጁ በላ?»

ልጅ ላይሆን ይችላል። ሽማግሌው፣ ፖሊሱ፣ አንዳንዴም ሌባው ሊሆን ይችላል። ብቻ ፊልሙ ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ማንም ምንም ካልቀመሰ ትጨነቃለች። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ከስር የሚጻፈውን እተረጉምላታለሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊታወቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው «ከጠዋት ጀምሮ ቡና እንኳን አልጠጣም እኮ» ትለኛለች።

ድሮ ያናድደኝ ነበር። እኔ ስለ ካሜራና ስለ ብርሃን የማወራ፣ ጓደኞቼ «ምን እንይ?» ብለው የሚደውሉልኝ ሰው ነኝ። አሁን ግን እውነቱን ልናገር፦ ፊልም መመዘን ያስተማረችኝ ይህቺ ጥያቄ ናት።

የገባኝ የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የቢስክሌት ሌቦች» (እ.ኤ.አ. 1948) አብረን ያየን ቀን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ ያጣ አንድ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ቢስክሌት ይፈልጋል፤ ቢስክሌቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከተማውን እያካለሉ ይፈልጋሉ። መሃል ላይ አባትየው ተናዶ ልጁን በጥፊ ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ ይጸጸትና ያለችውን ሳንቲም ይዞ ምግብ ቤት ያስገባዋል።

«ተመስገን» አለች እናቴ።

ብሩኖ አይብ ያለበት ጥብስ ዳቦ ሲገምጥ አይቡ እንደ ክር ይሳባል። አጠገባቸው ደህና የለበሰ የሀብታም ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፤ ሁለቱ ልጆች ይተያያሉ። ወዲያው አባት ሥራው ቢቀጥል በወር ስንት ያገኝ እንደነበር ማስላት ይጀምራል። ስሌቱ ሲያልቅ ደስታውም አብሮ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ፊልሙ መጨረሻ ነው፤ ለእኔ ግን ፊልሙ እዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ድሃ ሰውም ያምረዋል፣ ያማርጣል፣ ጎረቤቱን አይቶ ይቀናል። ተርቦ ብቻ ብናየው እናዝንለት ነበር፤ ሲበላ ስላየነው አወቅነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ይዤ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ።

የቦንግ ጁን ሆ «ፓራሳይት» (2019) ላይ ለሽርሽር ወጥተው ዝናብ ያባረራቸው ሀብታሞች ወደ ቤት ሲመለሱ እመቤቲቱ ስልክ ትደውላለች። እኛ ኢንዶሚ የምንለው ዓይነት ነገር ላይ ውድ የበሬ ሥጋ ጨምራ እንድትጠብቃት ሠራተኛዋን ታዛለች። ምግቡ ለልጁ ነበር፤ ልጁ አልፈልግም ሲል ራሷ ቁጭ ብላ ትበላዋለች። «ለሠራተኛዋ አንድ ጉርሻ እንኳን?» አለች እናቴ። እኔ ስለ መደብ አንድ ሰዓት ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ በአንድ ጉርሻ ጨረሰችው። ቢሆንም ፓራሳይት ለእኔ ከዴ ሲካ ያንሳል። ሁሉ ነገር በልኩ የተሰፋ ነው። ሥጋውም ኑድሉም ምልክት መሆናቸውን ፊልሙ ያውቃል፣ እንድናውቅለትም ይፈልጋል። የብሩኖ አይብ ግን አይብ ነው።

የዎንግ ካር ዋይን «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» (2000) ስከፍትላት ትጣላኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያው ምንም «የማይፈጠርበት» ፊልም ነው። ሴትየዋ ማታ ማታ ያን የመሰለ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፔርሙዝ አንጠልጥላ ኑድል ልትገዛ ደረጃ ትወርዳለች። አከራይዋ አብረሽን ብዪ ስትላት እሺ አትልም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አለች እናቴ፣ ባልየው እንደሚወሰልት ገና ሳይታወቅ። ስለዚያ ፊልም ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ ግን ለረጅም ጊዜ አልጠየቅኳትም።

አንድ ቀን ላፕቶፔ ላይ የ1977 ዓ.ም.ን የኮረም ቀረጻ እያየሁ ነበር፤ መሐመድ አሚን የቀረጸውን፣ ማይክል በርክ ለቢቢሲ የዘገበውን። እናቴ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ምንም አልጠየቀችም። ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ እራት ላይ «እኛ ኮረም የደረስነው ከዚያ በኋላ ነው» አለችኝ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ቀረጻው ውሸት የለበትም። እርዳታ አምጥቷል፣ ሰው አትርፏል፤ ምናልባት እናቴንም። ግን ከሰዎቹ የአንዱንም ስም ይዘን አንወጣም፤ ምን ይወዱ፣ ምን ይጠሉ እንደነበር አናውቅም። ከዚያ በፊት በነበረው የወሎ ረሃብ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውም ዘገባ እንዲሁ ነው። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያንን ዘገባ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በአገራችን ከዚያ የበለጠ ጉልበት የነበረው የፊልም ቅንብር አላውቅም። ያው ደርግ ራሱ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ አሥረኛ ዓመቱን ሲደግስ ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። የተራበው ሰው ምስል ለሁሉም ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ ሰውየውን ግን ማንም አይተዋወቀውም።

ስለዚህ ከራሳችን ፊልሞች የምፈልገው ይሄንን ትውውቅ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) የምንኮራበት ሥራ ነው፤ ቬኒስም ፌስፓኮም ላይ ተሸልሟል። ነገር ግን ተማሪዎቹ ጀርመን ውስጥ ስለ ሕዝብ ሲከራከሩ እናቴ አንቀላፋች፤ አንበርብር እናቱ ዘንድ መንደር ሲመለስ ነቃች። ፍርዷ ትክክል ይመስለኛል። የክርክሩ ክፍል ማወቅ ያለብንን ይነግረናል፤ መንደሩ ግን ይኖራል።

በመጨረሻ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አሳየኋት፤ እ.ኤ.አ. 2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ያለችው አንዲት በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለመስቀል ሊያርዳት አስቧል። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ያውቃል። አጎቱ ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ ያስጠላዋል፤ እሱ ግን ሳምቡሳ እየሸጠ ለመመለሻው ገንዘብ ያጠራቅማል። ድርቁ አለ፣ ማጣቱ አለ። ልጁ ግን አፍ ብቻ አይደለም፤ እጅ አለው። ከእናቱ የቀረለት ሙያ አለው።

እናቴ እስከ መጨረሻው «ልጁ በላ?» አላለችም። አንዴ ብቻ «ይሄ ልጅ ያውቅበታል» አለች፣ እንደ ባለሙያ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ልነሳ ስል ወሬ ጀመረች። ከቤት የወጡ ቀን እናቷ የቀረችውን ሽምብራ ቆልታ በነጠላ ጫፍ ቋጥራላቸው ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ መጠለያው፣ ማን ተርፎ ማን እንደቀረ አልነገረችኝም።

«ጨው አብዝታበት ነበር» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።»