የዳግላሶች ቀይ ልብ

ከስኮትላንድ መኳንንት ዓርማዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው የዳግላሶች ነው። ጥንት በነጭ ጋሻ ራስጌ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ሦስት ከዋክብት ብቻ ነበሩበት። ቀዩ ልብ የመጣው ከአደራ ነው። ንጉሥ ሮበርት ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1329 ሲሞት፣ ልቡ ወጥቶ ወደ ቅድስት ምድር እንዲወሰድለት ተናዞ ነበር። ሰር ጄምስ ዳግላስ፣ እንደሚተረከው፣ ልቡን በብር ሙዳይ አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተነሣ። ኢየሩሳሌም ግን አልደረሰም፤ በ1330 ስፔን ውስጥ፣ ቴባ አጠገብ ከግራናዳ ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ወደቀ።

የንጉሡ ልብ ተመልሶ በሜልሮዝ ገዳም ዐረፈ። ሌሎች ቤቶች አንበሳና ንስር ሲመርጡ፣ ዳግላሶች የጌታቸውን ልብ በጋሻቸው መሸከማቸው ታላቅ ታማኝነት ነው። በዓርማው ልብ ላይ የሚታየው ዘውድ የተደፋው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።