የአሚሎይድ መላምት እና የነርቭ ሕዋስ ጉዳት

በየካ ሚካኤል አካባቢ ለብዙ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የኖሩ አዛውንት ድንገት የቤታቸውን መንገድ ቢስቱ፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከመርሳቱ በስተጀርባ ግን የነርቭ ሕዋሳት ጉዳት ሊኖር ይችላል። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በአንዲት ሟች ታካሚ አንጎል ውስጥ ሁለት ለውጦችን ገልጸዋል፤ አንደኛው ከሕዋሳት ውጭ የተከማቸ ፕላክ፣ ሁለተኛው በሕዋሳት ውስጥ የተቋጠረ ክር ነው። የኋላው ምርምር ግን ለሁለቱ እኩል ትኩረት አልሰጠም።

ሃርዲ እና ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት መላምት መሠረት የጉዳቱ መነሻ የቤታ አሚሎይድ ክምችት ሲሆን፣ የክሮች መቋጠርና የሕዋሳት ሞት ተከታይ ውጤቶች ናቸው። የመላምቱ ጥንካሬ አይካድም። የአሚሎይድ ቀዳሚ ፕሮቲን ዘረመል በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ፣ ይህን ክሮሞዞም በሦስት ቅጂ ይዘው የተወለዱ የዳውን ሲንድረም ታካሚዎች በሽታው ቀድሞ ያጠቃቸዋል።

ድክመቱ የሚታየው ከመነሻው በኋላ ነው። ፕላክ ተከማችቶባቸው ሳለ የማስታወስ ችሎታቸው ሳይጓደል ያረፉ አረጋውያን በአስከሬን ምርመራ ተገኝተዋል። ከሕመሙ ደረጃ ጋር ይበልጥ የሚዛመደው የታው ክር መቋጠርና የሲናፕስ መጥፋት ነው። ታው በጤናማ ሕዋስ ውስጥ የማጓጓዣ ቱቦዎችን ደግፎ ይይዛል፤ ፎስፌት ሲበዛበት ግን ተላቆ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። በዚህም ወደ ሕዋሱ ጫፎች የሚላከው ስንቅ ይስተጓጎላል፤ በቅድሚያ ሲናፕሱ፣ ቀጥሎም ሕዋሱ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው የሌካኔማብ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። 1,795 ታማሚዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት መድኃኒቱ የአሚሎይድ ክምችትን በእጅጉ ቢቀንስም፣ በ18 ወራት ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ ያዘገየው በ27 በመቶ ነበር፤ አላቆመውም። በ18 ነጥብ መለኪያ ልዩነቱ 0.45 ብቻ ነው። ስለዚህ አሚሎይድ የጉዳቱ አንድ ምዕራፍ እንጂ ሙሉ ታሪኩ አይደለም።

በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥና ተደጋጋሚ የኤም አር አይ ክትትል የሚጠይቅ ሕክምና ከጤና ጣቢያ አቅም የራቀ ነው። የብዙ አረጋውያን አንጎል ግን ከአልዛይመር በተጨማሪ የደም ሥር ጉዳትም አለበት፤ የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ደግሞ በጤና ጣቢያ ይቻላል። አዛውንቱ «አርጅተዋል» ተብለው ከመሸኘታቸው በፊት የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴና ቂጥኝ ሊመረመሩላቸው ይገባል፤ እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ የመርሳት መንስኤዎች ናቸውና።