ከሽጉጡ በፊት ሸቀጡ

የማፍያ ፊልም ድርሰት ይዘው የሚመጡ ጀማሪ ጸሐፊዎች መጀመሪያ የሚተርኩልኝ ተኩሱን ነው። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «ሰውዬው ምን ይሸጣል?» ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ጩኸት ነው።

የዘውጉ ታሪክ ራሱ የሸቀጥ ታሪክ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ስትከለክል፣ በ1931 የወጣው «ዘ ፐብሊክ ኤነሚ» ባለታሪኩን በቢራ አሳደገው። የህንዱ «ዲዋር» (1975) በወርቅ ኮንትሮባንድ ላይ ቆመ። የኪንሻሳው «ቪቫ ሪቫ» (2010) ነዳጅ በጠፋበት ከተማ ነዳጅ ጭኖ የመጣ ሰው ታሪክ ነው። «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» (2012) ደግሞ የመኪና ዕቃ የሚፈቱ ልጆችን ያሳየናል። ሕጉ ሲለወጥ ሰውዬውም ይለወጣል፤ ህንድ የወርቅ ቁጥጥር ሕጓን በ1990 ከሻረች በኋላ የወጣው «ሳትያ» (1998) ውስጥ ወንበዴዎቹ ሕንፃ ሠሪውን እያስፈራሩ ነው የሚኖሩት።

እኛ ዘንድ የማፍያውን ሥር ከሽፍታው ለመምዘዝ የሚሞክሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ሽፍታ ከመንግሥት ተጣልቶ ጫካ የገባ ሰው ነው፤ ዕድል ከቀናው እንደ ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ይነግሣል። ማፍያ ግን ከከተማ ወጥቶ አይኖርም። ንግድ ፈቃድ፣ መጋዘን፣ ደረሰኝ፣ በየቢሮው ጉዳይ የሚያስፈጽምለት ወዳጅ ያስፈልገዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢቲቪ የታየው «ሰው ለሰው» ድራማ ይህን አውቆታል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ያስፈራን ሰርግ ቤት ከፊት ወንበር የምናስቀምጠው ዓይነት የተከበረ ባለሀብት ስለነበር ነው።

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሸቀጥ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ መርካቶ ጓሮው ነው። ዶላርን እንውሰድ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሆኖ ሳለ በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ያወጣ ነበር። አስመጪው ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ሰነድ) ለመክፈት ወረፋ ይጠብቃል፤ ውጭ ያለው ልጅ ደግሞ ለእናቱ መላክ ይፈልጋል። ዶላሩ እዚያው ማዶ ለአስመጪው ይከፈልለታል፣ ብሩ እዚህ ለእናት ይደርሳል፤ ድንበር የተሻገረ አንድም ኖት የለም። ለፊልም ሠሪ ይህ ፈተና ነው። ሻንጣ የሚቀባበሉበት ትዕይንት የለም፤ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ውጥረቱ ያለው እምነቱ ላይ ነው፦ ማዶ ያለው ሰው ዶላሩን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ቢዘጋስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ፊልም መጣ። ባለዶላሩን 2015 ላይ አስቀምጬ የጻፍኩትን ታሪክ እንዳለ ወደ 2017 ማሻገር አልችልም። ባንኩ ተፎካካሪው ሆኗልና ወይ ትርፉ ሳስቷል፣ ወይ ሸቀጥ ለውጧል።

ዝርዝሩን የምቃርመው ልደታ ነው። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ክስ ሲነበብ ጀብድ አይሰማም፤ የሚሰማው የሰሌዳ ቁጥር፣ የዕቃ ዓይነትና ብዛት፣ ማን አስረክቦ ማን እንደተረከበ ነው። ከዚያ የምወስደው አሠራሩን ብቻ ነው። የተከሳሹን ኑሮና ቤተሰብ እዚያው ትቼ እወጣለሁ፤ ገጸ ባሕርዬን እኔው መፍጠር አለብኝ።

ሸቀጡን ያወቀ ጸሐፊ ለመጨረሻው ክፍል አይጨነቅም። ወንበዴው አስፋልት ላይ በጥይት የሚወድቅበት ፍጻሜ በአሜሪካ ሥር የሰደደው፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዳያልቅ ሳንሱሩ ስላስገደደም ጭምር ነው። የኛ ሰው ግን ያንኑ ዕቃ በርካሽ የሚያስገባ ሌላ ሰው ሲመጣ፣ ትናንት ከፊት ወንበር ያስቀመጡት ስልኩን ማንሳት ሲተዉ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሽጉጥ ካስፈለገ ይተኮስ፤ ተመልካቹ ለምን እንደተተኮሰ ያውቃል።